ክቡር ዳኛ ኪራኮስና የዮዲ ሩጫ

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በቆመበት ሁሉ አራተኛው ዳኛ ነው። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም አይሽረውም። እዚህ በስደት አገር ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድርያ ብትዞሩ በየሰርጉ፣ በየክርስትናው፣ በየኳስ ሜዳው አንድ አይጠፋም። ወረፋ የጣሰውን ወደ ኋላ የሚመልስ፣ ሥጋ ሲመዘን ጎንበስ ብሎ ሚዛኑን የሚያነብ፣ በልጆች ልደት ላይ ሙዚቃው ሳይቆም ወንበር የያዘውን የአምስት ዓመት ሕፃን በሰው ፊት የሚያስነሳ እሱ ነው። ሕፃኑ ቢያለቅስም ውሳኔው አይነሳም።

የእኛው ዳኛ ክቡር አቶ ኪራኮስ ናቸው። አገር ቤት ሳሉ በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ሩጫ አስነሺ ነበሩ፤ ሽጉጡን ወደ ሰማይ የሚተኩሱት ሰው። ከተኩሱ በፊት የተነሳ ሯጭ ካለ፣ የጠቅላይ ግዛት ሹም ልጅም ቢሆን፣ ሩጫውን ከግማሽ መንገድ አስመልሰው እንደገና ያስጀምሩ ነበር። ዛሬ አሌክሳንድርያ ውስጥ የአንድ መኪና ማቆሚያ ሕንጻ ሱፐርቫይዘር ናቸው። ፊሽካው ግን ከአንገታቸው አልወረደም። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ሸሚዛቸው ውስጥ ይከቱታል እንጂ አያወልቁትም። "ፊሽካ ዘመድ አያውቅም" ይላሉ፤ ዘመዶቻቸውም ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ የገነነው የዕድሜ ምርመራቸው ነው። የእኛ ሰው ሁለት ዕድሜ እንዳለው፣ አንዱ የእናት ሌላው የወረቀት መሆኑን፣ የማያውቅ የለም። በታዳጊዎች የኳስ ውድድር ላይ ጢሙን ተላጭቶ የመጣ ልጅ ሲያዩ አቶ ኪራኮስ ወረቀት አይጠይቁም። እናቱ ዘንድ ሄደው ጤናዋን ይጠይቃሉ፣ ልጇን ያሞግሳሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው "ይህን ጎበዝ ስትወልጂ ጾም ነበር ወይስ ፍስክ?" ይሏታል። እናት ደግሞ ስለ ምጧ አትዋሽም። ክረምት እንደነበር፣ ወንዙ ሞልቶ አዋላጇ እንደዘገየች፣ ያን ዓመት ምን ዓይነት መንግሥት እንደነበረ እየተረከች ሳለ ልጇ ሀያ ዓመት ሞልቶት ከሜዳ ይወጣል። የራሳቸው የወረቀት ዕድሜም ከእውነተኛው በብዙ ያንሳል። ሲመጡ የቀነሱት ዕድሜ ዛሬ ጡረታቸውን አስሮባቸው፣ ባለቀ ጉልበት የሕንጻውን ደረጃ ይወጡታል። ይህን የሚያነሳባቸው ሲገኝ "እኔ በሱ ሜዳልያ አልወሰድኩበትም" ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

እኚህ ሰው ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በመካከላችን ያለውን ወንዝ ተሻግረው ሲልቨር ስፕሪንግ ይመጡና የሰፈራችንን ልጆች በነጻ ሩጫ ያሰለጥናሉ። ካሰለጠኗቸው ሁሉ ሁለቱን እንደ ልጆቻቸው ያዩ ነበር። አንዷ ከጀርመንታውን የምትመጣው አቢጊያ ናት። ሁለተኛዋ የአስፐን ሂሏ ዮዲ።

ዮዲ በስምንት ዓመቷ ስትመጣ የቆመችው በወንዶቹ ሰልፍ ነበር። ያኔ የነበራትን ስም እናቷ ብሩክታይት ትታዋለች፤ እኛም እንተወው። አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ሴት መሆኗን ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት፣ ጠበል ወሰደቻት፣ ወር ሙሉ አለቀሰች፤ በመጨረሻ ቁጭ አድርጋ ሹሩባ ሠራቻት። ሐኪሞቹም መድኃኒት ጀመሩላት። የብሩክታይት የጽዋ ማኅበርተኞች ወር ተራዋ ሲደርስ "አንቺ እረፊ፣ ሥራ በዝቶብሻል" ብለው ዘለሏት። ተራው ዞሮ ሲመጣ አሁንም ዘለሏት። አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እኛ ሰው ስንጥል በትሕትና ነው።

አቶ ኪራኮስ አልጣሏትም። የቸገራቸው አጠራሯ ብቻ ነበር። "ና" እንዳይሉ እሷ ታዝናለች፣ "ነይ" እንዳይሉ አፋቸው እምቢ አለ። ስለዚህ የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ የአሥራ አምስት ዓመቷን ልጅ አንቱ ማለት ጀመሩ። "ክንድዎን ያጥፉ፤ አንገትዎን ቀና ያድርጉ" ሲሏት ዮዲ በሳቅ ትሮጥ ነበር። ከቤት ውጪ የምትስቀው እዚያ ብቻ እንደነበር በኋላ ነው ያወቅነው።

ነገሩ የመጣው በሴቶች ሩጫ ነው። የኮሚዩኒቲ ማኅበራችን በየዓመቱ በበጋ የአምስት ኪሎ ሜትር የሴቶች ሩጫ ያዘጋጃል። ባለፈው ዓመት ዮዲ ተመዘገበች፤ ማንም ምንም አላለም። አንደኛ ወጣች። በጣም ቀድማ ስለገባች ውሃ ጠጥታ፣ አረፍ ብላ፣ ተመልሳ መንገዱ ዳር ቆማ ለአቢጊያ አጨበጨበችላት። አቢጊያ ያንን ውድድር ለማሸነፍ ሦስት ዓመት ለፍታለች፤ በበረዶ ሳይቀር ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት ትሮጥ ነበር። ሁለተኛ ወጥታ ዮዲን አቀፈቻትና ከቆሙት መኪናዎች ጀርባ ሄዳ አለቀሰች። አቶ ኪራኮስ እዚያ አገኟት።

"ጋሼ፣ ዮዲ ጓደኛዬ ናት" አለቻቸው። "ግን ካች ላደርጋት አልችልም። ምንም ባደርግ አልደርስባትም፣ ኔቨር።"

ይህች ቃል ክረምቱን ሙሉ ስታብሰለስላቸው ከረመች። የማኅበሩ ኮሚቴ ሲሰበሰብም ነገሩን ያነሱት እሳቸው ናቸው። ከአባላቱ ነርሷ ወይዘሮ የወይንሐረግ ተቃወሟቸው። መድኃኒቱ ብዙ ነገር ይለውጣል፣ ልጅቷ የጀመረችው በጊዜ ነው፣ ይህ ደግሞ ከሩጫው በኋላ ሳምቡሳ የሚበላበት የሰፈር ውድድር ነው እንጂ ኦሎምፒክ አይደለም አሉ። አቶ ኪራኮስ አላቋረጧቸውም። ሲጨርሱ፣ ሴቶች ብለን ሰልፍ ከለየን የለየንበት ምክንያት አለ፣ ምክንያቱም የልብስ አይደለም የአጥንትና የሳንባ ነው፣ መድኃኒቱ ያንን ምን ያህል እንደሚመልስ እኔም እርስዎም አናውቅም፣ ሳናውቅ ደግሞ የአቢጊያን ልፋት መያዣ አናድርግ አሉ። ድምፅ ተሰጠና አሸነፉ፤ ዮዲ በሴቶቹ ሩጫ አትሰለፍም ተባለ።

ኮሚቴው ለብሩክታይት ኢሜይል ይጻፍ አለ። አቶ ኪራኮስ ተቆጡ። ልጅን ያህል ነገር በኢሜይል አይባረርም፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና እንደ ወጉ ሽማግሌ ይላክ አሉ። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው የተሠራው፤ የተሠራውም በደግነት ነው።

ሦስት ሆነው ተመረጡ፤ እሳቸው፣ ምግብ ቤት ያላቸው አቶ ልሳነወርቅና ኡበር የሚነዱት አቶ ያለው። ሽማግሌ የመጣበትን በስልክ አይናገርምና፣ አቶ ልሳነወርቅ ለብሩክታይት ደውለው "ስለ ልጅሽ ጉዳይ እሑድ እንመጣለን" ብቻ አሏት። ሁለት ዓመት በሯን የረገጠ ሐበሻ የለም። አሁን ሦስት ሽማግሌ ስለ ልጇ ሊመጣ ነው። ሴትየዋ ምን ትጠብቅ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሱፍ ልብሳቸው ላይ ጋቢ ደርበው አስፐን ሂል ደረሱ። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ቤቱ ተወልውሏል፣ መጋረጃው አዲስ ነው፣ ለሦስት እንግዳ ለአሥር ሰው የሚበቃ ምግብ ተደርድሯል። ዮዲ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ እጇን አጣምራ ከእናቷ ኋላ ቆማለች። ተቀመጡ ሲባሉ አቶ ልሳነወርቅ በሰርግ ድምፃቸው የመጣንበት ሳይመለስ አንቀመጥም አሉ።

ብሩክታይት የሦስቱንም ፊት በየተራ አየች። ከዚያ፣ "ምንም ይሁን ምን እሺ ብያለሁ" አለች። "ለእናንተ ስል። ብቻ ተቀመጡልኝ።"

አቶ ኪራኮስ ያኔ ገባቸው። ይህች ሴት ከጽዋ ማኅበሩ ተልከን ለዕርቅ የመጣን መስሏታል፣ ይቅርታ ሊለምኑኝ ነው ብላ ነው ይህን ሁሉ የሠራችው ብለው አሰቡ። ዕድሜ ልካቸውን ከተኩስ የቀደመ ሯጭ ሲመልሱ የኖሩ ሰው ሳትሰማ የተነሳችውን እናት ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ። አቶ ልሳነወርቅ ቀደሟቸው። "እግዜር ይስጥልን" ብለው ወንበር ሳቡ፤ አቶ ያለውም ተቀመጡ። ብቻቸውን መቆም ከበዳቸውና አቶ ኪራኮስም ተቀመጡ።

የመጡበት የተነገረው ምግቡ እየቀረበ ነው። የብሩክታይት እጅ ጭልፋውን እንደያዘ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ መጨለፉን ቀጠለ። ዮዲ የምታየው አንዱን ሰው ብቻ ነበር።

"ጋሼ ኪራኮስ፣ እርስዎም ፌር አይደለም ብለው ነው?"

"አዎ" አሉ። "ሩጫው ፌር አይደለም።"

"ኦኬ" አለችና ክፍሏ ገብታ በሩን በቀስታ ዘጋች። ሽማግሌዎቹ በሉ። ምግብ ትቶ መነሳት ነውር ነውና ደግመውም በሉ። ብሩክታይት እየዞረች አጎረሰቻቸው፤ ሲወጡም እስከ መኪናቸው ሸኘቻቸው።

በሩጫው ቀን አቢጊያ አንደኛ ወጣች። እናቷ እልል አሉ፣ እኛም አጨበጨብን። ደስታዋ የእውነት ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ከዚያ ወደ አቶ ኪራኮስ መጥታ ዮዲ አሟት እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ ስልክ አታነሳም አለች። አቶ ኪራኮስ "ፈቅደው ነው የቀሩት" አሏት። ሳምቡሳውን አልነኩም፤ ንግግርም አላደረጉም፤ ንግግር አለማድረጋቸው ብቻውን ሰውን አስደነገጠ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ብቻቸውን አስፐን ሂል ሄደው በሩን አንኳኩና ደፉ ላይ እንደቆሙ የመጡበትን ተናገሩ።

"ብሩክታይት፣ ስለ ሩጫው ያልኩትን አላነሳም፤ ዛሬም ፌር አይመስለኝም። እሺሽን ግን አጭበርብረን ነው የወሰድነው። ምን እንደምንጠይቅሽ ሳትሰሚ ነው እሺ ያልሽው። እንዲህ ያለ እሺ አይቆጠርም። ልመልስልሽ ነው የመጣሁት።"

ብሩክታይት አረጋውያን ከምትንከባከብበት ሥራ መምጣቷ ነበር፤ የነርሲንግ ሆም ዩኒፎርሟን አላወለቀችም።

"ጋሼ፣ እኔ አልተታለልኩም" አለች። "በሩን ስከፍት ፊታችሁን አይቼ ገብቶኛል። የዕርቅ ፊት አልነበረም። ግን ያን ሁሉ ሠርቼ፣ ልጄን አልብሼ፣ ቆማችሁ ተመልሳችሁ ብትሄዱስ ብዬ ፈራሁ። ሁለት ዓመት ሰው ያልቀረበው ገበታ ነው። እሷን ሰጥቼ እናንተን አስቀመጥኩ። ይህን ደግሞ እሷም አይታኛለች።"

አቶ ኪራኮስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርድ አጡ። ጉዳዩ የአጥንትና የሳንባ ቢሆን መልስ ነበራቸው። ሰው ለተራበች እናት የሚሆን ሕግ ግን አያውቁም። አለቀሱ፤ ይህን የነገረችን እሷ ናት፣ እሳቸው ክደዋል። ብሩክታይትም ሻይ አለ ብላ አስገባቻቸው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ አይቀሩም። ብቻቸውን አይሄዱም ደግሞ። ቅዳሜ ማታ ስልክ ይመጣልናል፤ ሰላምታ የለ፣ "ነገ ተረኛው አንተ ነህ" ይላሉ። አቶ ያለው ሄደዋል፤ አቶ ልሳነወርቅ ሁለት ጊዜ ሰበብ አቅርበው በሦስተኛው ከምግብ ቤታቸው ተወስደዋል። ከጽዋ ማኅበሩ ሴቶችም እያጉረመረሙ የገቡ አሉ። እናማርራቸዋለን፤ እንሄዳለንም። እኚህን ሰው የምንወዳቸው ለዚህ ነው፤ እንዲህ ያለ እልህ ሌላ ማን አለው?

ዮዲ መሮጥ ትታለች። አቶ ኪራኮስ ሲመጡ ክፍሏ ገብታ ትዘጋለች፤ እስኪሄዱ አትወጣም። እሳቸው ሻያቸውን ሲጨርሱ ወደ በሩ ጠጋ ብለው የቅዳሜው ልምምድ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ጥቂት ጠብቀው ይወጣሉ። ባለፈው ሳምንት ተረኛ የነበረው ሰው አዝኖላቸው፣ ልጅቷ ይህን ያህልስ መጨከን አልነበረባትም አላቸው።

አቶ ኪራኮስ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን እያሰሩ፣ "ተው" አሉት። "እሷ ትክክል ናት።"