የጋሽ ወልደየሱስ መርፌና የራውተራችን ዳንቴል

ውሃ የማይወጣበት ኮንዶሚኒየም አይቻለሁ። ነፋስ ጣሪያውን የወሰደው ኮንዶሚኒየምም አይቻለሁ። ራውተር እጠግናለሁ የሚል ጡረተኛ የሌለበት ኮንዶሚኒየም ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ቱሉ ዲምቱ የምትኖረው ጓደኛዬ እነሱ ብሎክ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሁለት ጡረተኞች እንዳሉና እርስ በርስ እንደማይነጋገሩ ነግራኛለች። እኛ ገላን ኮንዶሚኒየም ብሎክ አሥራ ዘጠኝ ያለን አንድ ናቸው። አንዱም በዝተውብናል።

ክቡር ጋሽ ወልደየሱስ፣ የብሎካችን የኢንተርኔት ጉዳዮች የበላይ ጠባቂ፣ በአንድ የክር ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። ፋብሪካው ተገላገለ፣ ተራው የእኛ ሆነ። ሌላው ሰው ባጅ በሚያንጠለጥልበት ቦታ እሳቸው የኮታቸው ኮሌታ ላይ አንድ መርፌ ሰክተው ይዞራሉ። ያቺ መርፌ አንድ ቁልፍ ሰፍታ አታውቅም። ሥራዋ ከራውተር ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ መውጋት ብቻ ነው።

ሕክምናቸው ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው «ትንፋሽ ይውሰድ» ይባላል። ሶኬቱን ይነቅላሉ፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ አንድ አባታችን ሆይ ይደግሙና መልሰው ይሰካሉ። ለምን ሰዓት አያዩም ብዬ ብጠይቃቸው «ሰዓት ይቸኩላል» አሉኝ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው የወሎዋ ላጢፋ ቤት ሲሄዱ ደግሞ «አንቺ በራስሽ ጸሎት ቁጠሪ፤ ብቻ እንዳታሳጥሪው» ይሏታል። ራውተሩ በዚህ ካልዳነ ፊታቸው ይከብዳል። መርፌዋን ከኮሌታቸው ይመዝዙና ሁላችንም የምንፈራውን ፍርድ ያውጃሉ፦ «ወደ እናቱ ማህፀን ይመለስ!»

ማህፀን የሚሉት ፋብሪካውን ነው። ቀዳዳዋን ወግተው ሲይዟት ራውተሩ ስሙንም፣ የይለፍ ቃሉንም፣ የማን ቤት እንዳለም ረስቶ ከካርቶን እንደወጣበት ቀን ይሆናል። መስመሩ ሲገባ ባለሙያው የሞላው የደንበኛ ቁጥርና ምስጢር ቁጥርም አብሮ ይጠፋል። እነዚያ ቁጥሮች ተመልሰው ካልገቡ ደግሞ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም።

የላጢፋ ባል ኸሚስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። በወር ሁለት ቀን ቤቱ ቢገኝ ነው። ባለፈው አንዱን ቀን ኳስ ሊያይበት ተቀምጦ ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ምስሉ ቀጥ አለ። የዋህ ስለሆነ ጋሽ ወልደየሱስን ጠራ። ትንፋሽ ጠይቆ ማህፀን ደረሰው። ጎል መግባቱን ያወቀው ከፊት ለፊቱ ብሎክ በመጣው ጩኸት ነው፤ ማን እንዳገባው ለማወቅ ጫማውን አድርጎ ወደ ታች ወረደ። ላጢፋም ዋይፋያቸውን፣ ለሌቦች መልእክት እንዲሆን፣ «ዘወር በሉ» ብላ ሰይማው ነበር። እሱም በዚያው ጠፍቶ ቀረ።

መርፌዋ ራውተር ላይ ብትቆም እንኳን ደግ ነበር። በነዋሪዎች ስብሰባ ስለ ውሃ ፓምፑ ስንጨቃጨቅ ብድግ አሉና «ችግሩ ፓምፑ አይደለም። ኮሚቴው ወደ እናቱ ማህፀን ይመለስ!» አሉ። ሊቀመንበሩ እስከ ዛሬ ሰላም አይላቸውም።

የሚገርመው፣ እሳቸው ነካክተውት ሲሄዱ ኢንተርኔቱ ሁለት ቀን ደህና ይሠራል። በሦስተኛው ቀን መንተፋተፍ ይጀምርና ይሞታል። በሁሉም ቤት እንዲሁ ነው። ለምን ብለን ጠይቀን አናውቅም። የኢንተርኔት ጠባይ ነው ብለን ተቀበልነው።

ባለቤታቸውን እትዬ ፍቅርተማርያምን ካላስተዋወቅኩ ታሪኩ ጎዶሎ ነው። እትዬ እርቃኑን የተቀመጠ ዕቃ አይወዱም። ቴሌቪዥናቸው ዳንቴል ለብሷል፣ ፍሪጃቸው ለብሷል፣ የውሃ ጀሪካናቸው ሳይቀር ለብሷል። ብሎኩ ውስጥ አዲስ መስመር በገባ በሳምንቱ የቤቱን በር አንኳኩተው «ኧረ ምነው፣ ራቁቱን አስቀመጣችሁት!» ብለው በእጃቸው የሠሩትን ድርብ ዳንቴል ራውተሩ ላይ ጣል ያደርጉለታል። ጋሽ ወልደየሱስም ለሕክምና ሲመጡ ዳንቴሉን በክብር አንስተው ያጥፉታል፤ ሲጨርሱ ጫፍና ጫፉን አስተካክለው መልሰው ያለብሱታል።

እህቴ ሩት እኔ ጋር ነው የምትኖረው። የሕንፃ ንድፍ ትሠራለች። ቢሮዋ መሀል ከተማ ስለሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ናት። የምትመለሰው እራት ቀርቦላት ማንኪያ እንደያዘች የምትተኛ ሆና ነው። ታዲያ ከቤት ሆኖ ንድፍ የሚሠራበት ሥራ ወጣና አመለከተች። ቃለ መጠይቁ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት፣ በኢንተርኔት፣ በቪዲዮ ተባለ። ይህን ሥራ ካገኘች ከሰልፉ ተገላገለች፤ ካላገኘች ሰልፉ እዚያው ይጠብቃታል። የስልክ ዳታ እንዳንል እኛ ቤት የስልክ ኔትወርክ የሚገኘው ደረጃው ላይ ወጥቶ ነው።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኢንተርኔቱ አንደኛ ይሠራ ነበር። ሩት መኝታ ቤት ከላይ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ከታች ፒጃማ ለብሳ መልሷን ትለማመዳለች። በሩ ተንኳኳ።

«አስቴርዬ፣ ሩት ዛሬ ፈተና አለባት አሉ?» አሉኝ ጋሽ ወልደየሱስ።

«ቃለ መጠይቅ ነው ጋሼ። ኢንተርኔቱ ደህና ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ደህናው ነው እኮ መሀል ላይ የሚጥለው! እኛ ፋብሪካ ማሽን የምንፈትሸው ከመቆሙ በፊት ነው።»

«አይ ጋሼ፣ አይድከሙ።»

እኛ ዘንድ ሽማግሌን «አይድከሙ» ማለት «ይግቡ» ማለት መሆኑን የረሳሁት እኔ ነኝ። ገቡ። ዳንቴሉን አጠፉ። ትንፋሹን እንኳን አለፉት፤ ቀኑ ትልቅ ስለሆነ ከትልቁ ልጀምር ብለው መሰለኝ፣ መርፌዋን መዘዙ። አፌን ከፍቼ ቃል እስክፈልግ መብራቶቹ በሙሉ ጠፉ። ቆየት ብሎ አንድ ቀይ ብቻ በራ።

ሩት ብቅ አለች። ቀዩን አየች፣ መርፌዋን አየች፣ እኔን አየች። «ቁጥሮቹ ያሉበት ወረቀትስ?» አለችኝ። ወረቀቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ከጀርባው ሽንኩርትና ዘይት ብዬ ጽፌ ገበያ ስወርድ ነው። ይህንን ስነግራት ወደሳቸው ዞረች።

«ጋሽ ወልደየሱስ» አለች፣ «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳን የተበላሸ ነገር አስተካክለው ያውቃሉ?»

ብሎኩ በሙሉ በየቤቱ የሚለውን ነው ያለችው፤ ፊት ለፊት የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። ጋሽ ወልደየሱስ መርፌዋን ኮሌታቸው ላይ ሊሰኩ ሞከሩና ሁለት ጊዜ ሳቱ። አሳዘኑኝ፤ በጣምም ተናድጄባቸው ነበር። ከዚያ ያጠፉትን ዳንቴል አነሱና ገለበጡት።

ከውስጥ በኩል፣ ጠርዙ ላይ፣ በቀይ ክር ቁጥሮች ተሰፍተዋል። ሁለት መስመር። የደንበኛ ቁጥራችንና ምስጢር ቁጥራችን።

«ፍቅርተ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «መስመራችሁ የገባ ቀን ከባለሙያው ገልብጬ ሰጠኋት። ወረቀቱን መጣላችሁ አይቀርም ብላ የሁሉንም ቤት ሰፍታዋለች። እስከ ዛሬ ግን ሁሉም ወረቀቱን እያወጣ ስላነበበልኝ አላስፈለገም።»

የብሎኩ ምስጢር በሙሉ በቀይ ክር ተሰፍቶ ሳሎን ለሳሎን ተሰጥቶ ኖሯል! በሌላ ቀን ቢሆን እጮህ ነበር። ያን ቀን መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠሩ፣ ሩት ኮምፒውተሯ ላይ ሞላች። ለአራት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አረንጓዴው በራ።

ቃለ መጠይቁ እስኪያልቅ ጋሽ ወልደየሱስ ደረጃው ላይ ቆመው የሚወጣ የሚወርደውን «ሽሽ! ፈተና አለ!» እያሉ ሲያስተዳድሩ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የሳቸው ድምፅ ነበር። ጠያቂዎቹ የምን ድምፅ ነው ቢሏት ሩት «የጥገና ክፍላችን ነው» ብላ መለሰች።

ሥራውን አገኘች። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ኢንተርኔቱ መንተፋተፍ ሲጀምር እጇን ዳንቴሉ ሥር አስገባችና «ይሄ እኮ ካውያ ሆኗል» አለች። ተያየን። ራውተሩ ታፍኖ ነበር የሚሞተው! እሳቸው ዳንቴሉን አንስተው ሲነካኩት ይቀዘቅዝና ይነሳል፤ መልሰው ያለብሱታል፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ይታፈናል። ባልና ሚስት ሳያውቁት ሥራ ተከፋፍለዋል፤ እትዬ ያፍናሉ፣ ጋሽ ያስተነፍሳሉ።

ዳንቴሉን አጥበን፣ ተኩሰን መሳቢያ ውስጥ አስገባነው። ኢንተርኔቱ ስድስት ሳምንት አንድ ጊዜ አልተቋረጠም። በራችንም አልተንኳኳም።

አንድ ዓርብ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። «ኢንተርኔቱ እንዴት ነው?» አሉኝ። «ደህና ነው» አልኳቸው። «ደህና?» አሉ፣ መርዶ የነገርኳቸው ይመስል። ኮሌታቸውን ዳበስ አድርገው ሄዱ። መናገር ያሳፍራል እንጂ ናፍቀውኝ ነበር። ቤት ገብቼ ለሩት ነገርኳት። ከኮምፒውተሯ ቀና አላለችም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ሩት ቅዳሜ አትሠራም። ስነሳ ራውተሩ ዳንቴሉን ለብሶ ተቀምጧል። የክረምት ካፖርቴም ከላይ ተደርቦበታል። ሩት ሦስት ቀን የሚጠብቅ ትዕግሥት እንደሌላት አውቃለሁ።  ስድስት ሰዓት ሲሆን ሞተ። ካፖርቴን ወደ ቁም ሳጥኑ መልሼ ደረጃው ላይ ወጣሁና «ጋሽ ወልደየሱስ! ኧረ ይድረሱልን!» ብዬ ተጣራሁ።

ሳልጨርስ ከታች «ማንም እንዳይነካው! መጣሁ!» የሚል ድምፅ መጣ። እሳቸው ደረጃውን ሲወጡ ላጢፋ በሯን ከፍታ «ጋሼ፣ ከነሱ ሲጨርሱ ለኛም ብቅ ይበሉ። ጠዋት ነው ቀጥ ያለው» አለች። እኔን ስታይ ፊቷን አዞረች። በትከሻዋ በኩል ራውተራቸው ይታየኛል። የለበሰው ዳንቴል እንደኛው ሁሉ ከመሳቢያ የወጣ ነው፤ ገና ሰዓት አልሞላውም፤ የታጠፈበት መስመር እንኳን አልተፈታም።