ሥራ ፈት የመሰለው ገመድ

ቴሌቪዥን እምቢ ሲል ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሩቅ ያለውን ነው። ዝናቡን፣ ነፋሱን፣ አዲስ አበባን። ግቢው ውስጥ ያለውንማ ማን ይጠረጥራል?

እኔ ደብረ ታቦር የጋሼ ሙላት ተከራይ ነኝ። ባለፈው ክረምት ቴሌቪዥን የሚያመጣው የፋይበር መስመር በእኔ ክፍል በኩል ሲገባልን ጋሼ ዲሻቸውን ከጣራ አወረዱ። የዘረጋው ባለሙያ ግን አዲሱን መስመር ከእኔ ክፍል ወደ እሳቸው ሳሎን ያሻገረው በዚያው በድሮው የዲሽ ገመድ ነበር። ይህን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን።

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አዲስ አበባ ነርስ የሆነችው ልጃቸው ዓለምነሽ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በቴሌቪዥን ቀርባ ስለ ክትባት ልትናገር ሆነ። ጋሼ ልጃቸውን በዓይናቸው ካዩ ሁለት ዓመት አልፏል። የእሳቸው ጉልበት መንገድ አይችልም፣ እሷንም ሥራው አይለቃትም። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ቴሌቪዥኑን ሲከፍቱት "ሲግናል የለም" አለ። የቀረን አንድ ሰዓት ነው።

እኔ ደግሞ ሽቦ ሲባል ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። የታሪክ መምህር መሆኔን ያን ጊዜ ማን አስታወሰ? ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ፣ አበራሁ። የገመዱን ጫፍ ፈትቼ በጥርሴ ላጥኩና መልሼ ጠመዘዝኩት። አይጥ ላይ ፈረድኩ፣ ዝናብም ላይ ፈረድኩ። በመጨረሻ ለባለሙያው ደወልኩ። ሐሙሲት ከተማ ነኝ፣ አልደርስም አለኝ፤ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይንህ ተከተለው ብሎ ዘጋው።

ተከተልኩት። ከክፍሌ ወጥቶ በጣራው ጠርዝ ሄደ፣ ማዕድ ቤቱን አለፈ፣ ከዚያ ተቆርጦ ቀረ። የጎደለውን ሦስት ሜትር ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። አንዱ ጫፍ ግንድ ላይ፣ ሌላው ለጾም መፍቻ የተገዛው በግ አንገት ላይ ነበር።

ጋሼ አልካዱም። ገበያ ላይ ሻጩ በጉን ሸጦ ማሰሪያውን ግን ፈትቶ ይዞ መሄዱን፣ ዲሹ ከወረደ ወዲህ ያ ገመድ ሥራ ፈት መስሏቸው ትናንት ማታ መቁረጣቸውን ቀስ ብለው ነገሩኝ።

"ልጄን ከራሴ የከለከልኩ እኔው ነኝ" አሉና አንገታቸውን ደፉ።

በጉን ፈትቼ ገመዱን ወደ ቦታው መለስኩት። የመሃሉን መዳብ ከመዳብ፣ የዳሩን የሽቦ መረብ ከመረብ አጣምሬ በፕላስተር ጠቀለልኩ። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ የዓለምነሽ ድምፅ ከሳሎን ተሰማ። በጉም ያኔ ነው በተከፈተው የግቢ በር ውልቅ ያለው። ጎረቤቱ ሁሉ ጭቃውን እየረገጠ ተከተለው፤ እኔም ጭምር። ጠጋኙ እኔ፣ ሳያይ የቀረውም እኔ።

በጉን እየገፋን ስንመለስ ፕሮግራሙ አልቋል። ጋሼ ብቻቸውን ተቀምጠው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ስለ ክትባቱ ምን አለች ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እሱንስ አልሰማሁም፤ ፊቷን ነበር የማየው። ከስታለች" አሉ።

ጾሙ ነው አልኳቸው። እሳቸውም ራሳቸው እንደጾሙና እንዳልከሱ ነገሩኝ። በጉም ለጾም መፍቻ እንደማይታረድ፣ ልጅቱ ለእንቁጣጣሽ ፈቃድ አግኝታ እስክትመጣ ታስሮ እንደሚቀለብ ወሰኑ። ከዚያ ማሰሪያ ፍለጋ ዙሪያቸውን ቃኙና ዓይናቸው ከቴሌቪዥኑ ኋላ ባለው ገመድ ላይ አረፈ።

"መቼም አሁን እሷ ጨርሳለች" አሉኝ።