ከወንበር ላይ የሚያሠለጥን

[ፀጉር ቤት። ልብስ ሰፊው ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሚስቱ ወንድም፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ምላጭ ይዞ ቆሟል። የሩጫ አሠልጣኙም እሱ ነው።]

አስተካካይ፦ አልጨረስክም።

ሰፊ፦ የጀማሪዎቹን ፕሮግራም ጨርሻለሁ። ትናንት አምስት ኪሎ ሜትር፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ፣ ሳላቆም ሮጥኩ። አንተም በር ላይ ተቀምጠህ አይተሃል።

አስተካካይ፦ የጫማህን ክር ለማሰር ጎንበስ አላልክም?

ሰፊ፦ ብያለሁ።

አስተካካይ፦ ጎንበስ ማለት እረፍት ነው። የመጨረሻው ሳምንት ይደገማል።

ሰፊ፦ ጎንበስ ማለት እረፍት ከሆነማ እኔ ስፌት መኪና ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ሳርፍ ኖሬያለሁ።

አስተካካይ፦ አገጭህን ቀና አድርግ። ምላጭ ከያዘ ሰው ጋር አትከራከር።

ሰፊ፦ እሺ፣ ይደገም። ግን ልጄ የአሥር ኪሎ ሜትር ውድድር አብረን እንሩጥ ብላኛለች። ካደገች ወዲህ አንድ ነገር አብረን እናድርግ ስትለኝ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። እምቢ ብላት ሁለተኛ የምትጠይቀኝ አይመስለኝም።

አስተካካይ፦ አሥር ማለት አምስት ሁለት ጊዜ መስሎሃል።

ሰፊ፦ ታዲያ ምንድን ነው?

አስተካካይ፦ ሌላ ነገር ነው።

ሰፊ፦ እኔ እንኳ እንደ ሱሪ ነው ያየሁት። አንዱን እግር ከሰፋህ ሁለተኛው አያስቸግርም።

አስተካካይ፦ [አንዱን ጉንጭ ላጭቶ ምላጩን እያጠበ] ሩጫ ሳይንስ ነው፣ አማቼ። ለመሆኑ የነገርኩህን ትሠራለህ? እየሮጥክ ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል ብዬህ ነበር።

ሰፊ፦ እሱንማ አንድም ቀን አላጎደልኩም። ያገኘሁትን ሁሉ አወራለሁ። ትናንት አንዲት እናት ከመስኮት ሆነው የመጋረጃቸውን ልክ ነገሩኝ፤ ዞሬ ስመለስ ቀለሙን ጨመሩልኝ።

አስተካካይ፦ እየሮጥክ ሥራ ተቀበልክ?

ሰፊ፦ ማውራት አለብህ ያልከኝ አንተ ነህ። ደግሞ ታውቃለህ፣ ሲነጋ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ሲበሩ ሳይ ገረመኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን ለካ እኔ ተኝቼ ነው የሚነጋው።

አስተካካይ፦ ተው፣ አትመሰጥ፤ እስትንፋስ ይፈጃል። እረፍትም ተማር። ጡንቻ የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው።

ሰፊ፦ እንደዚያ ከሆነ ያንተ ጡንቻ ቤት ይሸከማል።

አስተካካይ፦ ምን አልክ?

ሰፊ፦ ለልጄ ምን ልበላት?

አስተካካይ፦ ለከርሞ በላት።

ሰፊ፦ አንተንም ጨምራ ነው ያስመዘገበችው። አሠልጣኝ ካጠገብ አይለይም ብላለች።

[ምላጩ አየር ላይ ይቆማል።]

አስተካካይ፦ እኔ... የእኔ ድርሻ ንድፈ ሐሳቡ ነው።

ሰፊ፦ አንድ ቀን እንኳ ሮጠህ አታውቅም?

አስተካካይ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ እንኳ ሮጬ አላውቅም። ለማንም እንዳትናገር።

ሰፊ፦ ለማን እናገራለሁ? ሁላችንም እናውቃለን።

አስተካካይ፦ ሁላችሁ እነማን?

ሰፊ፦ እህትህ፣ ልጄ፣ እኔ። ሐኪሙ ሩጥ ያለው አንተን እንጂ እኔን መቼ ነው? እህትህ፣ “ሩጥ ብንለው አይሰማም፤ አሠልጥን ካልነው ግን ይሮጣል” አለች። ተማሪ ሲጠፋ እኔ ተላክሁ።

አስተካካይ፦ እኔ ግን ወንበር አውጥቼ በር ላይ ተቀመጥኩ።

ሰፊ፦ ወንበሩን አልገመትነውም። አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ለማቆም አፈርኩ። ኋላ ደግሞ ጣመኝ።

አስተካካይ፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ ፈቃድ መጠየቅ ምን አመጣው?

ሰፊ፦ ለልጄማ ጠዋት እሺ ብያታለሁ። ሰበብህ ሲያልቅ እውነቱን ትናገር እንደሆን ልይ ብዬ ነው። [ፎጣውን አውልቆ ይነሳል] የእኔ ቀጣይ ግብ አሥር ኪሎ ሜትር ነው። ያንተ ደግሞ እስከ መታጠፊያው።

አስተካካይ፦ የት ትሄዳለህ? አንዱ ጉንጭህ እኮ አልተላጨም።

ሰፊ፦ ሰፈሩን ልዞር ነው። ማን ነው እንዲህ የላጨህ ካሉኝ የማን እጅ እንደሆነ እናገራለሁ።

[ወጥቶ ይሮጣል። አስተካካዩ ወንበሩን ያያል፣ መንገዱን ያያል፤ ምላጩን ጥሎ፣ በሩን ሳይዘጋ ይከተለዋል።]

ሰፊ፦ [ከውጭ] ቀስ በል፣ አማቼ። ገና የመጀመሪያው ሳምንትህ ነው።