የጂቭራጅ ካካ ጩኸት

የትም አገር ሂዱ፣ ሰው ገና ሳይቀመጥ «ተነሡ፣ መሸ» የሚል አንድ ፍጡር አይጠፋም። ሠርግ ቤት ድንኳኑ ሳይተከል ይደርሳል፤ ሙሽራው ሳይመጣ ደግሞ ይሰናበታል።

ለእኛ መንደር የደረሱት ጂቭራጅ ካካ ናቸው። የሁላችንም አጎት ስለሆኑ ካካ እንላቸዋለን፤ ሙሉ ማዕረጋቸው ግን የካምባት ባሕረ ሰላጤ ጠቅላይ አዛዥ ነው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም።

እኛ ዘንድ ባሕሩ ሲሸሽ ከዓይን ይሰወራል፤ ሲመለስም ይሉኝታ የለውም። የአምላካችን የሺቫ መቅደስ ያለው መሃል ባሕር፣ ድንጋይ ላይ ነው። ውሃው ሲጎድል ጭቃውን በባዶ እግራችን አቋርጠን እንሄዳለን፣ ሳይሞላ እንመለሳለን። ካካ ዳር ቆመው ይጠብቁናል። ገና አበባችንን ሳናስቀምጥ ታዲያ «ውሃው ተነሥቷል፣ ውጡ!» ይላሉ። ባሕሩ የት እንደገባ እንኳ አይታይም።

ለምን እንደሚቸኩሉ የጠየቀ አለቀለት። ጨረቃ ውሃውን እንዴት እንደምትስብ፣ ሙላቱ በየቀኑ ለምን እየዘገየ እንደሚመጣ፣ ጨረቃ በጠፋችበትና በሞላችበት ሰሞን ፀሐይም አብራት ስለምትጠመድ ባሕሩ ከወትሮው ርቆ ሸሽቶ ከወትሮው በላይ እንደሚመለስ ሲያስረዱት የያዘው ሻይ ይቀዘቅዛል። ማሳረጊያቸው አንድ ነው፤ «ውሃ ከፊትህ አይመጣም። ከኋላህ፣ በዳሩ ቦይ ሾልኮ ነው መንገድህን የሚቆርጠው።»

እኛም ብልሃት አበጀን። ካካ ሲጮሁ ገና አንድ ሰዓት አለ ማለት ነው ብለን ተረጋግተን እንጸልያለን። መንደሩ በሙሉ በዚህ ስሌት ይኖራል።

አምና፣ ጨረቃ በጠፋችበት በዓል፣ ካካ ትኩሳት ይዟቸው ተኙ። እኛ ድንጋዩ ላይ ዘና ብለን ተቀመጥን። ባለቤቴ ሐንሳ «አንሄድም እንዴ?» ስትለኝ «ካካ መች ጮኹና?» አልኳት። ወዲያው የዳሩ ቦይ ውሃ ሞልቶት ሲያብረቀርቅ አየሁ። ሐንሳ ዋና አትችልም። ሰዉ ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲሻገር ውሃው ደረቷ ላይ ደረሰ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ልንጠይቃቸው ሄድን። ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ ሆነው መጀመሪያ የጠየቁን ረጥበን እንደሆነ ነበር። ሐንሳ በጊዜ ወጥተናል ብላ ዋሸችላቸው። ደስ ብሏቸው ሻይ አዘዙልን።

ዘንድሮ ድነው ዳር ቆሙ፤ እንደ ልማዳቸውም ገና አበባዬን ሳላስቀምጥ ጮኹ። ጸሎቴን አቋርጬ፣ ሐንሳን ይዤ ጭቃውን እየረገጥኩ ገሰገስኩ። ካካ ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

«ምን ሆንክ ልጄ? ገና አንድ ሰዓት አለህ እኮ።»

ለካ እሳቸውም ያውቁታል።

«አውቃለሁ ካካ» አልኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እንኳን ጮኹልን።»

ካካ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ ድንጋዩ ዞሩና ለቀሩት ሰዎች እንደገና ጮኹ። ከእሳቸው ጋር ሐንሳም ጮኸች።