ስለ ስምንተኛው ገመድና ስለ መንትዮቹ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ትርኢት ኮሚቴ፣ ረቡዕ፣ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ። ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡40 ተጀመረ።

የተገኙ፦
1. ርዕሰ መምህሩ (ሰብሳቢ)
2. የባዮሎጂ መምህሯ
3. የግምጃ ቤቱ ኃላፊ
4. የመንትዮቹ እናት (የወላጆች ተወካይ)
5. ዘበኛው (በሩን ጥለው መግባት ስለማይችሉ በመስኮት)
ጸሐፊ፦ የሂሳብ መምህሩ፣ ባለፈው ስብሰባ በመቅረቱ በሌለበት የተመረጠ

ምልዓተ ጉባኤ፦ አምስት ሰው ያስፈልጋል። ዘበኛው ከደረታቸው በላይ ብቻ ስለሚታዩ ጥያቄ ተነሥቷል። ከረዥም ውይይት በኋላ ሙሉ ሰው ናቸው ተብሎ ተወስኗል።

አጀንዳ 1፦ ዓርብ ለእንግዶች ስለሚታየው የህዋስ ክፍፍል ትርኢት

የባዮሎጂ መምህሯ ሲያስረዱ፣ ህዋስ ለሁለት ሊከፈል ሲል ማይክሮቱቡል የሚባሉ ቀጫጭን ገመዶች ከሁለቱ ዳር እንደሚዘረጉ፣ እንደ አስፈላጊነቱ እንደሚረዝሙና እንደሚያጥሩ ገለጡ። በገመዶቹ ላይ ሞተር ፕሮቲን የተባሉ ተሸካሚዎች እየተራመዱ ጭነት ይጎትታሉ። ጭነቱ መሐል ላይ ተያይዘው የቆሙት እህትማማች ክሮሞዞሞች ናቸው። ሆኖም ጥንዶቹ በሙሉ ከሁለቱም ወገን ሳይታሰሩ መጎተት የለም፤ አንዲት ጥንድ ከቀረች ሁሉም ይጠብቃል። በትርኢቱ አራት ጥንድ ተማሪዎች በስምንት ገመድ ይታሰራሉ፤ ሌሎች ተማሪዎች ሞተር ፕሮቲን ሆነው ይጎትቷቸዋል።

ሁሉም መታሰሩን አይቶ ለመጎተቱ ፊሽካ የሚነፋው ተቆጣጣሪ ዘበኛው ይሁኑ ተባለ። ዘበኛው "እሱማ የዕለት ሥራዬ ነው" ብለው ተቀበሉ።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የሚረዝምና የሚያጥር ንብረት አውጥተው እንደማያውቁ አስታወቁ። "ሃያ ሜትር ሰጥቼ አሥራ ሁለት ስረከብ፣ ቆጠራ ሲመጣ ሞተር ፕሮቲን በላው ልበል?" ሲሉ ጠየቁ። መምህሯ ገመዱ የምር እንደማያጥር ቢያስረዱም ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ከረዥም ውይይት በኋላ ሰባቱ ገመድ እንዲወጣ፣ ስምንተኛው መተማመኛ ሆኖ ግምጃ ቤት እንዲቀመጥ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ መንትዮቹን ስለመለያየት

ሰብሳቢው የሦስተኛ ክፍል መንትዮችን መምህራን መለየት ስላቃታቸው ታላቋ ሀ ክፍል እንድትቆይ፣ ታናሽቱ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ለ ክፍል እንድትዛወር ሐሳብ አቀረቡ። ተፈጥሮ ራሷ እህትማማቾችን እንደምትለያይ አሁን ከባለሙያ ሰምተናል አሉ።

እናትየው ታናሽቱ ከእህቷ በቀር ከማንም ጋር እንደማታወራ፣ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ታላቋ እንደምታስፈቅድላት ተናገሩ። በስንት ትበልጣታለች ሲባሉ "በሩብ ሰዓት" አሉ። ሰብሳቢው ሩብ ሰዓት ታላቅ እንደማያሰኝ ገለጡ። እናትየው "ምጡን የማውቀው እኔ ነኝ" በማለታቸው ነጥቡ ታልፏል።

ሐሳቡ በሦስት ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። ዘበኛው በዚያን ሰዓት በር ሊከፍቱ ሄደው ነበር።

አጀንዳ 3፦ ልምምድ

ኮሚቴው በሩ አጠገብ ወዳለው ሜዳ ወጣ። ሦስቱ ጥንዶች ታሰሩ። አራተኛዎቹ ጥንድ መንትዮቹ ነበሩ፤ ስምንተኛው ገመድ ስለሌለ ታላቋ ብቻ ታስራ ታናሽቱ እንዲሁ ቆመች። ሰብሳቢው "ይጎተት" ሲሉ ዘበኛው ፊሽካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ሰብሳቢው አዛዡ ማን እንደሆነ ጠየቁ። ዘበኛው "ጋሼ፣ አንዲት ጥንድ ከቀረች ሁሉም ይጠብቃል ያላችሁት እናንተው ናችሁ" አሉ። ጎታቾቹ ለሃያ አምስት ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆሙ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ስምንተኛው ገመድ ያለ ቅጽ አይወጣም አሉ፤ ቅጹም አልቋል።

የባዮሎጂ መምህሯ እንዲፈርዱ ተጠየቁ። ዘበኛው ልክ መሆናቸውን፣ ከአንድ ወገን ብቻ የተያዘ ጥንድ ቢጎተት አንዱ ህዋስ ትርፍ፣ ሌላው ጎዶሎ ይዞ እንደሚቀር መሰከሩ።

ዘበኛው "የሰኞውስ?" ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ጥያቄው አልገባኝም አሉ። ዘበኛው "ታላቂቱ ሀ ክፍል ጓደኞች አሏት፤ ሲገቡ ሲወጡ አያለሁ። ይቺን ሚጢጢ ከወዲያ ማን ይዟታል?" አሉ።

ያለ ምንም ውይይት የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል፦ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ትርኢቱ ቀርቷል፤ ገመዶቹ ይመለሱ። ታናሽቱን ከወዲያ የሚይዛት እስኪገኝ ድረስ መንትዮቹን ማንም እንዳይለያይ። ጸሐፊው ድምፅ ባይኖረውም ደስ ብሎታል።

ስብሰባው 10፡35 ተበተነ። ሰው ሲበተን ታናሽቱ ወደ ዘበኛው ሄዳ በጆሯቸው አንድ ነገር ተናግራለች። ምን እንዳለቻቸው ኮሚቴው ቢጠይቅም ዘበኛው ለመግለጥ ፈቃደኛ ስላልሆኑ አልተመዘገበም።