የጋሽ ዘውገ ኮት

ድሃ ፎቶግራፍ ላይ ለምን እንደማይስቅ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስቤያለሁ። ሥራ ስፈታ የማላስበው ነገር የለም። መልሱን ያገኘሁት ፒያሳ፣ ጋሽ ዘውገ ፎቶ ቤት ነው። ከሳቀ ኮቱ ይተረተራል።

ጋሽ ዘውገ ለደንበኛ የሚያውሰው አንድ ጥቁር ኮት ነበረው። አንድ ብቻ። ከበስተኋላ ደግሞ ቤተ መንግሥት የተሣለበት መጋረጃ ሰቅሏል። እኛ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሰዎች ኮቱን እናጠልቅና ቤተ መንግሥቱን በጀርባችን አድርገን እንቆማለን። ወፍራም ከሆንክ ትንፋሽህን ትውጣለህ። ቀጭን ከሆንክ ኮቱ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይሰበሰብልሃል። ሱሪህ እንደፈለገ ይሁን፤ ጋሽ ዘውገ «ከወገብ በታች የእግዜር ነው፣ ከወገብ በላይ የኔ» ይል ነበር። ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣቱ በገደለው አይደል የሚባለው?

ኮቱ አንድ ነውር ነበረበት። ግራ ደረቱ ላይ ካውያ ያቃጠለው ጠባሳ አለ። ፎቶ ላይ ነጣ ብሎ ይወጣል።

የኛ ሰፈር ሰው በዕድሜው አንዴ ቢነሳ ነው። ፎቶውን እናቱ በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ትከተዋለች። ጎረቤት የሚያየው መቼ ነው? ሰውየው ሲሞት፣ ድንኳን ውስጥ፣ እናት ደረቷ ላይ አቅፋው እያለቀሰች ስትዞር። ባለጸጋማ ፎቶው ብዙ ነው። ሲዳር ይነሳል፣ ሲሾም ይነሳል፣ ከውሻው ጋር ይነሳል። ከነዚያ መካከል የትኛው እንደገደለው ማን ያውቃል?

ኮቱን መጀመሪያ ያስተዋልኩት የአንድ አናጢ ለቅሶ ላይ ነው። ቀጥሎ የአንድ ልብስ ሰፊ። ከዚያ የጎረቤቴ የእትዬ በለጡ ትልቁ ልጅ፣ ታደሰ፣ ሲሚንቶ ሲሸከም ኖሮ በሳል ሞተ። እናቱ ፎቶውን አቅፋ በፊቴ ስታልፍ ያው ኮት፣ ያው ጠባሳ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ክንዴን ጨመደደኝ። አየኸው ወይ አለኝ። አማተብኩ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለን! ኮቱ ሰው ይበላል ተባለ። አንዱ ጣሊያን ጥሎት የሸሸ ነው አለ። ሌላው የለም፣ ከሬሳ ላይ የወለቀ ነው አለ። ጋሽ ዘውገ ደግሞ፣ እንደ ጉድ፣ ኮቱን ለወንበር አልብሶ መስኮቱ ላይ አስቀምጦት ነበር። ስታልፍ ጭንቅላት የሌለው ሰው ተቀምጦ የሚያይህ ይመስልሃል። ሰዉ መንገድ እየተሻገረ በማዶ ማለፍ ጀመረ።

አሁን ወደ ሽፈራው ልምጣ። ለእትዬ በለጡ የቀራት ልጅ እሱ ነው። ፒያሳ ኬክ ቤት አሳላፊ ነበር። ቀን ቀን በባለቤቱ ነጭ ጃኬት እንደ ሙሽራ ይውላል፤ ሲወጣ ጃኬቱን ምስማር ላይ ሰቅሎ በሸሚዙ ወደኛ ይወርዳል። ኬክ ቤት ከአባቷ ጋር የምትመጣ አልማዝ የምትባል ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። ችግሩ አባቷ ነበሩ፤ ግራዝማች አየለ ይባላሉ፣ ቤታቸው ከሥላሴ ጀርባ፣ የመሥሪያ ቤት ሹም። ሽማግሌ ላክን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። በረንዳው ላይ ብዙ ካቆሙን በኋላ ግራዝማች እንዲህ አሉን። ዘመዶቼ ሩቅ አገር ናቸው፣ የልጁን መልክ ሳያዩ እሺ አልልም፣ ፎቶግራፉን አምጡ። ስንወጣ ጠሩንና ኮት ለብሶ ይነሳ አሉ።

ኮት ከየት ይምጣ? የኔ ክርኑ ላይ መስኮት አውጥቷል። ሽፈራው ከኬክ ቤቱ ደንበኞች አንዱን ደፍሮ ቢለምን ሰውየው በየወንበሩ ለተቀመጠው ሁሉ እያወራ ሳቀበት። የቀረው የጋሽ ዘውገ ነው።

እትዬ በለጡ ይህን ስትሰማ ደጃፉ ላይ ተዘረጋች። አንዱን በልቶብኛል፣ ድሃ ሆነህ፣ ላጤ ሆነህ ኑርልኝ አለች። ሽፈራው አለቀሰ። ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚል ካለ ይምጣና ይየው። ሲነጋ ግን ቤቴን አንኳኳ፣ አብረኸኝ ሂድ አለኝ።

ሄድን። ጋሽ ዘውገ ኮቱን ከመስኮቱ ሳይሆን ከጓዳ አምጥቶ ሰጠኝ። ይሞቃል! ሰው አሁን ያወለቀው ይመስል ብብቱ ይሞቃል። ከኛ በፊት የወጣ ሰው ግን አላየሁም። ጋሽ ዘውገን ብጠይቀው ፀሐይ ላይ ሰቅዬው ነው አለኝ። ያን ዕለት ሰማዩ ጥቁር ደመና ነበር። ሽፈራው ለበሰው። ልኩ ነው፤ መርፌ ቁልፍ እንኳ አላስፈለገውም። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ አየሁት። የሽፈራው ፊት የታደሰ ሆኗል።

በዚያው ሳምንት ሽፈራው ማሳል ጀመረ።

እትዬ በለጡ እህል አልቀምስም አለች። ጎረቤት እየመጣ እግዜር ይማርህ ይላል፣ ዓይኑ ግን ይሰናበተዋል። የእድሩ ዳኛ ድንኳኑን ሜዳ ላይ ዘርግቶ ቀዳዳ ሲፈልግ አገኘሁት። በአጋጣሚ ነው አለኝ። ፎቶውን ከላክንበት፣ ከሥላሴ ጀርባ፣ ደግሞ መልስ የለም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግራዝማች ራሳቸው እትዬ በለጡ ቤት መጡ። ካባቸውን ሰብስበው፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። ልጄን አልሰጥም ሊሉ ነው ብለን ስንጠብቅ፣ ፎቶህ ላይ ያለውን ኮት ከየት አመጣኸው ብለው ሽፈራውን ጠየቁት። እትዬ በለጡ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ሞት ነው ጌታዬ! የለበሰው ሁሉ አልቋል። ልጅዎን መበለት አያድርጓት!»

ግራዝማች መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ከካባቸው ሥር የሽፈራውን ፎቶ፣ ቀጥሎም በነጠላ የተጠቀለለ ሌላ ፎቶግራፍ ከነክፈፉ አወጡ። አንድ ጎረምሳ፣ ከኋላው ቤተ መንግሥት፣ ግራ ደረቱ ላይ ጠባሳ። እሳቸው ነበሩ! ጃንሆይ ከስደት በተመለሱ ሰሞን በባዶ እግራቸው ከገጠር መጥተው፣ የጽሕፈት ሥራ ለመለመን የተነሱት ነው። ልጆቻቸው ኮቱ የአባታችን፣ ከኋላ ያለው ግቢ የአያታችን ነው ብለው አድገዋል። አልማዝ የሽፈራውን ፎቶ ከሳሎኑ ፎቶ አጠገብ ብታቆመው ጉዱ ወጣ። ግራዝማች የመጡት እባካችሁ በሰው ፊት አታንሱብኝ ሊሉ ነበር።

እትዬ በለጡ ተነሳች። ሣጥኗን ከፍታ የታደሰን ፎቶ አመጣችና ሦስቱን መደቡ ላይ ደረደረች። አንድ ኮት፣ ሦስት ሰው። ግራዝማችን አየች። ጸጉራቸው ሸብቷል፣ ጉንጫቸው ሞልቷል።

«እርስዎም ይህንኑ ለብሰው ይህን ያህል ከኖሩ» አለች ቀስ ብላ፣ «የኔን ታደሰ ታዲያ ምን ገደለው?»

ሽፈራው ሳሉ መጥቶበት ጓዳ ገባ፤ ሲስል ይሰማል። ግራዝማች ለመነሳት ግድግዳውን ተደገፉ፤ መዳፋቸውን ሲያነሱት ርሷል። ክረምት ከበጋ የሚያለቅስ ግድግዳ ነው፤ እኛ ለምደነው ነበር። መዳፋቸውን ብዙ አዩት። ከዚያ ልጁ ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ይውጣ አሉ።

ወጣ። ከሥላሴ ጀርባ፣ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ተኛ፣ ሐኪም አየው፣ ወተት ጠጣ። ለፋሲካ ሳሉ የለም፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ሰርጉን በላን። እናቱንም ሊወስዷት ነበር፤ ታደሰን ጥዬ የት እሄዳለሁ ብላ እዚያው ግድግዳ ሥር ቀረች። አሁን እሷም ትስላለች።

እንግዲያማ ሰፈሩ ኮቱን መፍራት ተወ ትሉኝ ይሆናል። አልተወም። የግራዝማችን ፎቶ በዓይናችን ያየን ሰዎች እንኳ በጋሽ ዘውገ መስኮት ስናልፍ አማትበን ወደ ማዶ እንሻገራለን። ሞኞች አይደለንም። ኮት ብትፈራ መንገድ ተሻግረህ ታመልጠዋለህ። ቤትህን ከፈራህ ሲመሽ የት ትገባለህ?