ከከተማ ወጥታ የማታውቅ ጀልባ

«እማዬ፣ ውሃው ከጎደለ በኋላ ኖኅ መርከቡን የት አቆመው?»

ልጄ ሜሮን ይህን የጠየቀችኝ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና ሳይተኩ ነው፤ ከሰንበት ትምህርት ቤት ስንመለስ፣ እጄን ይዛ። ተራራ ላይ አልኳት። «እሱንማ አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላስ? ማን ጠበቀለት?» አለችኝ። እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ደግሞ ይህ ጥያቄ አልመጣም። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ አለፍኩት። ልጅ ላላችሁ ሁሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የልጅ ጥያቄ እንዲህ ስትሉት የሄደ ይመስላችኋል እንጂ አይሄድም። ደጃፍ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። እኔን ልጄ አድጋ፣ ሥራ ይዛ፣ ከቤት እስክትወጣ ጠብቆ፣ በምንኖርበት አያት ኮንዶሚኒየም መኪና ማቆሚያ ላይ ያዘኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሜሮን አባት ጀልባ አማረው።

ሰው ጡረታ ሲወጣ ስንት ነገር ያምረዋል! የአንዷ ጎረቤታችን ባል ዶሮ ማርባት አማረው፤ የሌላዋ ባል ሁለተኛ ሚስት አማረው ይባላል። የእኔው ጀልባ። ያውም እንዲሁ መቅዘፊያ ያላት አይደለችም፤ ውስጧ አልጋ ያላት፣ ሰው የሚያድርባት፣ ከአሮጌዋ ፒካፓችን ኋላ ታስራ የምትጎተት። ባሕር በሌለው አገር፣ ሐይቅ በሌለው ከተማ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር! ሜሮን በስልክ ስነግራት «እማ፣ ሲሪየስሊ?» አለች። «ሲሪየስሊ» አልኳት፤ ምን ማለት እንደሆነ ከድምፅዋ ገብቶኛል።

እኔ ግን አልሳቅሁበትም። የሜሮን አባት የተወለደው ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዷ ላይ ነው። ከአባቱ ጋር ዓሣ እያጠመደ፣ ሲመሽባቸው እዚያው ጀልባዋ ላይ እየተኛ ያደገ ሰው ነው። ከዚያ ኑሮ ጎትቶ አወጣውና መሪ አስጨበጠው፤ ዕድሜውን የጨረሰው ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ይዞ የጅቡቲን አስፋልት ሲመላለስ ነው። ወገቡ እምቢ ብሎት ቤት ከዋለ ወዲህ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ሥር ተቀምጦ የቆሙ መኪኖችን ያያል። የቆመ መኪና ምን ይታያል? አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ «አስኩ፣ ውሃ ላይ ተኝተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። የት አውቄ! አልኩት። «ያባብላል» አለ። እኔም ዓይኔን ጠረግሁና በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ዕቁባችን ሲወጣ ለምን እንደሚሆን አልተነጋገርንም። ብንነጋገር ኖሮ ሁለታችንም አስተዋዮች እንሆን ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ጀልባ ይሸጣል ቢሉኝ እኔም አላምንም ነበር። ግን ደላላ የማያገኘው ነገር አለ? ሳሚ የሚባለው የቦሌ ደላላ መኪና ሲያሻሽጥ የኖረ፣ ጀልባ ላይ ግን እንደ እኛው ጀማሪ የሆነ፣ ይህንንም ለመደበቅ ብዙ የሚደክም ሰው ነው። መጀመሪያ እዚያው ቦሌ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር፣ ወደ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ጓሮ ወሰደን። አገር ለቆ የሄደ የውጭ ሰው የተዋት፣ ነጭ፣ ረጅም፣ ውስጧ ምድጃና ሽንት ቤት ያላት ጀልባ ቆማለች። አንዲት ድመት ወልዳባታለች። ሳሚ ጎኗን መታ መታ እያደረገ «ማዘር፣ ይቺ እኮ ሴት ናት የያዘቻት። ቀለሟ አልተነካም። ዳገት አይታ አታውቅም!» አለ። ለጀልባ ዳገት አለማየት ትልቅ ነገር ነው፤ አመሰገንኩት። በዚህ ቢያቆም ምን ነበረበት? «ደግሞ ሰው ይጠይቁ፤ ከከተማ ወጥታ አታውቅም» ብሎ ጨመረ።

መኪና ብትሆን እውነቱን ነው፤ የገጠር መንገድ አላንገላታትም ማለት ነው፣ ዋጋዋ ይጨምራል። እኔ ግን እንዳላሳፍረው ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ልጄ፣ ከከተማ ካልወጣች ውሃ የት አገኘች?» አልኩት። ሳሚ መልስ እንድትሰጠው ይመስል ወደ ድመቷ ዞረ።

የሜሮን አባት ያን ጊዜ የት ነበር ትሉኛላችሁ? ሥሯ! ጀልባዋን የተሸከመው ተሳቢ ሥር ገብቶ ብረቱን ያንኳኳል፣ ክብደት የሚሸከመውን ባሌስትራ ይዳብሳል። ወጣና ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «አልቋል» ሲል ፈረደባት። ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ የጎተተን ሰው ጀልባ ምረጥ ብትሉት የሚመርጠው ተሳቢ ነው። ዋጋዋም ቢሆን ለእኛ አልነበረም፤ ለድመቷ መረቅንላት።

ሁለተኛዋን ያገኘናት ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወዲያ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ትንሽ፣ ሰማያዊ፣ ፀሐይ ያገረጣት። ውስጧ ሁለት አልጋ አለ፤ ጥበታቸው እንኳን ለመገላበጥ ለማሰብም አይመችም። የሜሮን አባት እንደ ልማዱ ጎማዋን መታ መታ አደረገና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ከዚያ ወገቡን ይዞ ገባና ጋደም አለ። ጠበቅነው። ሳሚ «ፋዘር?» ብሎ ተጣራ። አንገቴን አስግጌ ባየው ዓይኑን ጨፍኗል፤ አንድ እጁን ከአልጋው ወደ ታች አንጠልጥሎ ጣቶቹን በቀስታ ያንቀሳቅሳል፤ ውሃ የሚነካ ይመስል። በልቤ «በቃ፣ ይቺ ናት» አልኩ። በአፌ ግን «ዋጋዋ በዛ» አልኩ፤ ይህ ሳይባል ምን ዕቃ ይገዛል?

ባለ ጋራዡ ደግ ሰው ነው። «ቅዳሜና እሑድ ውሰዷትና ሞክሯት፤ ሰኞ ጠዋት መልሳችሁን ንገሩኝ» አለን። እሱ ሐይቅ ላይ ማለቱ ነው። እኔን ግን ፍርሃት ያዘኝ። ብታፈስስስ? ያንን እጁን አንጠልጥሎ የተኛ ሰው ይዛ ውሃ መሀል ብትከዳንስ? ገንዘቡ ይቅር፤ እሱን ከየት አመጣዋለሁ? ለሜሮን አባት ሳላምናት እሷ ላይ እንደማላሳፍረው ነገርኩትና ዘዴዬን አወጣሁ። «በርሜል ስገዛ ውሃ ሞልቼ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ አሳድረዋለሁ። ከውስጥ ካልወጣ ከውጭ አይገባም።»

«አንቺ! ጀልባ በርሜል ናት?» ብሎ ሳቀ። ቆየና ሳቁን ዋጥ አድርጎ «እስከ ጉልበት ብቻ ነው ታዲያ፤ ባሌስትራው አይችልም» አለ።

የውሃ ፈረቃችን ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ቅዳሜ ጀልባዋን ግቢ አስገብተን፣ በሳሙና አሽተን አጥበን፣ ቱቦ ለቀቅንባት። ሕንፃው በሙሉ በረንዳ ላይ ወጣ። እትዬ ከድጃ ከሁለተኛ ፎቅ «የሜሮን እናት፣ የጥፋት ውሃ ሊመጣ ነው እንዴ? እኛም ጎረቤቶችሽ ነን፣ ቦታ ያዢልን!» አለችኝ። የግቢው ኮሚቴ ሊቀመንበር ጋሽ ተፈራ ግን አልሳቁም። «ይህ የመኪና ማቆሚያ ነው። ጀልባ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ የለም» አሉ። «እርስዎ ካሉ ልክ ነው፣ እስከ ሰኞ ብቻ ይታገሱን» አልኳቸው።

ይህን ስል ከጀልባዋ ኋላ ውሃው ሲንዠቀዠቅ ሰማሁ። የሜሮን አባት አየ፤ ቱቦውን ዘጋና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከጅቡቲ መንገድ ጎማ ፈንድቶበት፣ ሌሊት በረሃ አድሮ ሲመጣ እንኳ እንዲህ ያለ ፊት ይዞ ገብቶ አያውቅም። እኔ ጎንበስ ብዬ ቀዳዳውን አየሁት። ክብ ነው፤ በጣም ክብ። ዝገት የበላው ቀዳዳ እንዲህ አያምርም። በጣቴ ስነካው ዙሪያው እንደ ጀሪካን አፍ ጥርስ አለው። «የሜሮን አባት፣ ይህ ክዳን ያለው ነገር ነው» አልኩት። ገብቶ ፈለገ፤ ከአልጋው ሥር በገመድ ታስሮ አገኘው። ለካ የገባባትን ዝናብ የምታፈስበት ነው! የእሱ አባት የእንጨት ጀልባ እንዲህ ያለ ቅንጦት አልነበራትም፤ ከየት ይወቅ? አጥብቆ ከደነና ቱቦውን ከፈተ። እኔም ያን ማታ ጸሎቴ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ሲሚንቶው ደረቅ ይሁን።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ሲሚንቶው ደርቆ አቧራ ይዟል። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ግን ቧንቧውም ደርቋል አሉኝ፤ ዋናው መስመር ተሰብሮ። ሰው ጀሪካኑን ይዞ ወረደ። የሜሮን አባት ጀልባዋ ላይ ቆሞ እየቀዳ ለሁሉም አደለ። «ካፒቴን፣ ለእኔም!» ይሉታል፤ ፊቱ በራ። ከሁሉ ኋላ ጋሽ ተፈራ ባልዲ ይዘው መጡ። ከፊታቸው ከነበሩት ሁለት ሰዎች አስቀድመን ሞላንላቸው።

ከሰዓት መስመሩ ሲጠገን ጎረቤቶቻችን ራሳቸው ጀልባዋን መልሰው ሞሏት። ኮሚቴውም ጥላ ሥር ተሰብስቦ ወሰነ። ጋሽ ተፈራ ቆመው አስታወቁ፤ ጀልባዋ ለዘለቄታው እዚሁ እንድትቆም ተፈቅዷል፣ ሁልጊዜ ሙሉ እስከሆነች ድረስ። ተጨበጨበ። የሜሮን አባት አብሮ አጨበጨበ። እራት ላይ ግን እንጀራውን እየቆረሰ «ይሁን። ሰው ተጠቀመባት፤ እኔ በዚህ ወገቤ የት እሄዳለሁ?» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። በአንድ ቀን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወዶት፣ በዚያው መውደዱ ሐይቁን ሊያስቀርበት ነው።

ኖኅ መርከቡን የት እንዳቆመው ዛሬም አላውቅም። ለምን በማቆሚያ እንዳልተቸገረ ግን ያን ማታ ገባኝ፤ ከውሃው በኋላ ጎረቤት አልነበረውም። ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ ሰኞ፣ ሰው ሳይነሳ ወረድኩ። የጎረቤቶቼን ባዶ ጀሪካኖች ሰብስቤ ከጀልባዋ ኋላ አሰለፍኩና ክዳኑን እየፈታሁ፣ እየዘጋሁ፣ አንድም ጠብታ ሳላፈስስ ሞላኋቸው። የጋሽ ተፈራን ባልዲ በራቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጀልባዋን በጨርቅ ወለወልኩ። በአንዱ አልጋ ላይ የሜሮንን አባት ጋቢ፣ በሌላው ላይ የእኔን ብርድ ልብስ አነጠፍኩ፤ መባበሉን እኔም ልየው እንጂ! ባለ ጋራዡ ጋ ደውዬ «ወስደናታል» አልኩት። ከዚያ የሜሮንን አባት ለሐይቁ መንገድ ልቀሰቅሰው ወደ ደረጃው ስሄድ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ተመለስኩ። አማተብኩ፤ ማንም እንዳላየኝ ግራ ቀኝ ቃኘሁና ጎማዋን በእግሬ መታ መታ አደረግሁት።